መኪናው ሲንከባለል ሚኒሞው ለምን ከፍ ይላል? ጥያቄና መልስ ከደብረ ማርቆስ

ሰሞኑን በተደጋጋሚ የምጠየቀው ነገር አንድ ነው። «ማንዋል መኪናዬን እየሄድኩ ፎሌ ሳደርጋት ሚኒሞዋ ይወጣል፤ ስትቆም ይመለሳል። ምን ሆና ነው?» የሚል። ከማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ፣ ከባሕር ዳርና ከሌሎችም ቦታዎች የመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚሁ እመልሳለሁ። ሥራዬ ጋራዥ ነው። ወደኔ ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ ዓባይን ወርደው የወጡ ናቸው። ስለዚህ ደጋግሜ ወደ ቁልቁለቱ እመለሳለሁ፤ ጉዳዩም እዚያ ላይ ነው የሚከብደው።

ለጀማሪዎች ያህል፦ ሚኒሞ ማለት እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ነው። የጤነኛ ቤንዚን መኪና ሚኒሞ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በደቂቃ ከ650 እስከ 850 ዙር ገደማ ነው። እንደ ሞተሩ ይለያያል። ፎሌ ማለት ደግሞ ማርሹን አውጥቶ ሞተሩን ከጎማው መለየት ነው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ኮሮላ ማንዋል ነው የምነዳው፣ ኢንጀክሽን ነው። በ60 እየሄድኩ ፎሌ ሳደርግ ዙሩ 1,200 ላይ ይቀመጣል። መብራት ላይ ስቆም ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ 800 ይሆናል። ሁለት ጋራዥ አሳየሁ። አንዱ ሴንሰር ቀይር አለኝ፣ ሌላው ስሮትል ቦዲ (የአየር በሩ ያለበት ዕቃ) ይለወጥ አለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። የነገርከኝ ሁሉ የጤነኛ መኪና ጠባይ ነው።

ኢንጀክሽን መኪና ላይ፣ ማለትም ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚረጭበት መኪና ላይ፣ ሚኒሞውን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ መኪናው መሄዱን ወይም መቆሙን የሚያውቀው በፍጥነት ሴንሰር ነው። በብዙ መኪኖች ሴንሰሩ ካምቢዮው ላይ ተሰክቶ ይገኛል፤ በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ፍጥነቱን ከጎማው የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሴንሰሮች ይወስዳል። መኪናው እየተንከባለለ፣ እግርህ ከነዳጅ ተነስቶ፣ ማርሹ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ዙሩን ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ምክንያቱም ነዳጅ መስጫው በድንገት ሲዘጋ ዙሩ ወርዶ ወርዶ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። እየሄድክ ሞተሩ ቢጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀልልህ ሰርቮም የሚሠራበትን ቫኪዩም (የሞተሩን የመሳብ ኃይል) ያጣል። ጎማው ሲቆም ሴንሰሩ «ቆመናል» ይላል፣ ኮምፒውተሩም ዙሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

መለያው ቀላል ነው። ሲቆም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወደ መደበኛው ከተመለሰ፣ ቼክ ኢንጂን መብራት ካልበራ፣ ከድሮው የተለየ ነገር ካላየህ፣ ተወው። ቆሞም ከፍ እንዳለ ከቀረ ወይም ሲንከባለል ከ1,500 በላይ እየሄደ ካስቸገረህ ያኔ እንነጋገራለን።

ጥያቄ፣ ከደጀን፦ የኔ ደግሞ ፎሌም ሳላደርግ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ስወርድ በ3ኛ ማርሽ ነኝ፣ ነዳጅ አልነካም፣ ግን ዙሩ 3,000 ይደርሳል። ሞተሩ ይጮኻል። ሚኒሞው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ይሄ ሚኒሞ አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላል።

ማርሽ ውስጥ ሆነህ ፍሪሲዮን ካልረገጥክ ሞተሩና ጎማው አንድ ላይ ታስረዋል። ቁልቁለቱ ጎማውን ያዞረዋል፣ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። ዙሩን የሚወስነው ፍጥነትህና ማርሽህ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲጮህ መኪናውን እየያዘልህ ነው ማለት ነው። 3,000 ዙር ለቤንዚን ሞተር ምንም አይደለም። መርፌው ወደ ቀዩ መስመር እንዳይጠጋ ብቻ በፍሬን ቆንጠጥ እያደረግክ ውረድ።

እንዲያውም በዚያች ሰዓት ኢንጀክሽን መኪናህ ቤንዚን አይጠጣም። እግርህ ተነስቶ ዙሩ ከሚኒሞ በደንብ ከፍ ሲል ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ይዘጋል። ዙሩ ወርዶ ወደ 1,500 ወይም 1,000 ሲጠጋ መልሶ ይከፍታቸዋል። የሚጮኸው ሞተር የሚዞረው በቁልቁለቱ ጉልበት ነው።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፣ ከሚኒባስ ሹፌር፦ እኛ ግን በፎሌ ነው የምንወርደው። ነዳጅ ተወዷል። ሁሉም ሹፌር የሚያደርገው ነው፤ አንተ ደግሞ ማርሽ ውስጥ ነዳጅ አይጠጣም ትላለህ። የቱን እንመን?

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ ይቺን ጥያቄ በደንብ ልመልሳት። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ስለ ነዳጁ። በፎሌ ስትወርድ ሞተሩ በሚኒሞ ስለሚዞር ይጠጣል። ኮምፒውተሩ ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ ስለያዘው ደግሞ ቆሞ ከሚጠጣው ትንሽ ይበልጣል። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ስታነሳ ግን ኢንጀክተሩ ተዘግቷል። ናፍጣም ከሆነ ፖምፓው በዚያን ጊዜ ናፍጣውን ይቆርጣል። ስለዚህ በኢንጀክሽንም በናፍጣም ረጅም ቁልቁለት ላይ ፎሌ አይቆጥብም፣ ያባክናል። ነዳጅና አየር ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቅለው በድሮው ካርቡራቶር ላይ ብቻ ፎሌ ጥቂት ሊቆጥብ ይችላል። እሱንም እንቁጠረው፦ ትንሽ የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ በሰዓት አንድ ሊትር ቢጠጣ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ሰዓት ቢወስድብህ የምንከራከረው ስለ ግማሽ ሊትር ነው።

አሁን ስለ ፍሬኑ። ከጎሃ ጽዮን ወይም ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ሰው ጭኖ 2.5 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ያን ያህል ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ማርሽ ውስጥ ከሆንክ ከዚያ ትልቁን ድርሻ ሞተሩ ይወስድልሃል። ፎሌ ካደረግክ፣ ንፋሱና ጎማው ከሚወስዱት በቀር፣ ሁሉም ፍሬንህ ላይ ይወድቃል። የአንድ ሊትር ቤንዚን እሳት በአራት ሸራ ላይ ሲነድ አስበው።

ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ይተዋል። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ ትረግጣለህ፣ መኪናው ግን አይሰማም። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ ደግሞ ዘይቱ ይፈላል። የፍሬን ዘይት በደረጃ ነው የሚሸጠው፦ አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ ሳይለወጥ ዓመታት ሲቆይ ዶት 3 በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ያኔ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ከእጅህ ያለው የእጅ ፍሬንና የገደሉ ጠርዝ ብቻ ነው።

ስለዚህ የድሮ ሹፌሮች የሚሉትን አድርግ፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንስ። ፍሬንህን አጥብቀህ ያዝ፣ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ልቀቅ። እግርህን ፍሬኑ ላይ አሳርፈህ አትውረድ። ኋላህ ሰው አሳፍረሃል፤ የዓባይ መንገድ ደግሞ የሚሰነጠቅና የሚንሸራተት መንገድ ነው፣ ከፊትህ ምን እንደሚጠብቅህ አታውቅም።

ተከታይ ጥያቄ፣ ከዚያው ሰው፦ ሞተሩን አጥፍቼ ብወርድስ? ያኔ ምንም አይጠጣም።

መልስ፦ በፍጹም! ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ ሰርቮ ሁለት ሦስት ጊዜ የምትረግጥበት ቫኪዩም ብቻ ይቀረዋል። ከዚያ በኋላ በሙሉ ጉልበትህም ብትረግጥ አይበቃም። ፓወር መሪው ይደርቃል። ቁልፉን አሳልፈህ ካዞርከው መሪው ይቆለፋል። በአየር ፍሬን የሚሠራ ከባድ መኪና ከሆነ ኮምፕሬሰሩ ይቆማል፣ አየሩ እየተመናመነ ይሄዳል። ይሄን የሚያደርግ ሹፌር መኪና ላይ አትሳፈሩ፣ ቤተሰባችሁንም አታሳፍሩ።

ጥያቄ፣ ከቢቸና፦ መምህር ነኝ። አሮጌ ካርቡራቶር መኪና አለችኝ። ማርቆስ ላይ ሚኒሞዋን አስተካክለውልኝ አዲስ አበባ ስሄድ ዓባይ በረሃ ድልድዩ ጋ ስደርስ ሚኒሞዋ ከፍ ብሎ ይጮኻል። ጎሃ ጽዮን ስወጣ ይስተካከላል። ማንም አላመነኝም።

መልስ፦ እኔ አምኜዎታለሁ፣ መምህር። ትዝብትዎ ትክክል ነው።

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍታን ያልፋል። ድልድዩ ያለው 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አየሩ ይወፍራል። ማርቆስ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ድልድዩ ጋ ከማርቆሱ በ15 ከመቶና ከዚያ በላይ ይጨምራል። በካርቡራቶር መኪና ሚኒሞውን የሚይዘው አንዲት ቪቴ (ማስተካከያ ብሎን) ናት። ቪቴዋ የአየር በሩን ማርቆስ ላይ በተለካበት ቀዳዳ ይዛዋለች። ቀዳዳው ያው ሆኖ የሚገባው አየር ሲበዛ ዙሩ ይወጣል። የሚያስተካክል ኮምፒውተር የለም።

ስለዚህ ዓባይ በረሃ ላይ ቆመው ቪቴዋን እንዳያስነኩ። እዚያ ዝቅ ካስደረጓት ጎሃ ጽዮን ላይ እየጠፋች ታስቸግርዎታለች። ዙሯ የመኖሪያ ቦታዎ ላይ ትክክል ከሆነ ይበቃል። የአየር ፊልትሮዋን ግን ይዩልኝ። በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ ድብልቁን ያበላሻል፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ይብስበታል።

ጥያቄ፣ ከእንጅባራ፦ ቁልቁለት ረዘም ሲልብኝ ሚኒሞዬ ቀስ እያለ ይወጣል። ዳገት ስጀምር ይወርዳል። ሲቆምም ለጥቂት ደቂቃ ከፍ እንዳለ ይቆያል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቁልቁለት ላይ ወደ ታች ይወርዳል።

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱ ያለው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ ነው። መርፌውን በማየትሽ ጎበዝ ነሽ።

እርግጠኛ ለመሆን አንድ ነገር ጠይቂ፦ የመኪናሽ ቴርሞስታት አለ ወይስ አውጥተው ጥለውታል? እኛ አገር መኪና ሲሞቅ መጀመሪያ የሚደረገው ቴርሞስታቱን ማውጣት ነው። ይሄ ልማድ በጣም ያናድደኛል። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲደርስ የሚከፍት በር ነው። እሱ ከሌለ ወይም ክፍት ሆኖ ከደረቀ ውሃው ሁልጊዜ በራዲያተር ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ሥራ የለውም፣ ንፋሱ ራዲያተሩን ይመታዋል፣ የእንጅባራ ብርድ ይጨመርበታል። ሞተሩ ይቀዘቅዛል።

ኮምፒውተሩ ቀዝቃዛ ሞተር ሲያይ ጠዋት ስታስነሺው እንደሚያደርገው ያደርጋል፦ ሚኒሞውን ያወጣል፣ ቤንዚን ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት ኪሳራ አለብሽ። ቤንዚን ይበላል፣ ሞተሩም ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ቶሎ ያረጃል።

ቴርሞስታቱን በትክክለኛው ቁጥር አስገቢ። ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ የሚሞቅ ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ራዲያተሩ ተዘግቶ ይሆናል፣ ፋኑ አይዞር ይሆናል፣ ውሃ ያጎድል ይሆናል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) አልቆ ይሆናል። እሱን ፈልገው ይሥሩልሽ። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታት ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚዞር ጭራሽ ሙቀቱ ይብሳል።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ የኔ መኪና ሲቆምም ሲንከባለልም 1,500 ነው። ኮፈኑን ስከፍት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማኛል።

መልስ፦ ይሄ እውነተኛ ብልሽት ነው፣ ደግሞም ቀላሉ። ሞተሩ በማይታወቅ ቀዳዳ አየር እየሳበ ነው።

ሞተሩ እየሠራ ጆሮህን ተከተል። ድምፁ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአየር ማስገቢያው አጠገብ ካሉት ቀጫጭን የቫኪዩም ቱቦዎች ነው። ከሙቀት የተነሳ ጎማው ይደርቃል። ጫፉን ይዘህ ትንሽ እጠፈው። ጥቁሩ ላይ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል፤ ስትለቀው መልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ዝም ብሎ ለሚያይ ሰው ደህና ይመስላል። ሌላው ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ነው። እሱ ከሆነ የሚያፈስሰው ፍሬኑም ይከብድሃልና አንድ ቀን አትደር። ሦስተኛው የአየር ማስገቢያው ጓርኒሲዮን ነው።

ድምፁን ማግኘት ካቃተህ የሳሙና ውሃ በመርጫ አድርገህ የጠረጠርከው ቦታ ላይ በትንሹ እርጭ። የኤሌክትሪክ ነገሮችን አታርስ፣ ከሚዞር ቀበቶና ፋን እጅህን አርቅ። ውሃው ቀዳዳውን ሲሸፍነው ዙሩ ለአፍታ ይለወጣል። ቤንዚን የሚረጩ መካኒኮች አሉ። የጋለ ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን መርጨት መኪናውን ማቃጠል ነው፣ እንዳትፈቅድ።

ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ የነዳጅ መስጫውን ገመድ እይ። ፔዳሉ ሳይረገጥ ገመዱ በትንሹ መላላት አለበት፤ ገመዱ ከተወጠረ የአየር በሩ ሁልጊዜ በትንሹ ክፍት ነው። ከሹፌሩ እግር ሥር ያለ ምንጣፍም ፔዳሉን ተጭኖ ይገኛል። በደንብ ፈትሽ።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ስረግጥ ዙሩ ቶሎ አይወርድም። ለሰከንድ ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ አንዳንዴም ትንሽ ይወጣል።

መልስ፦ አዳዲስ መኪኖች ላይ ጭሱን ለመቀነስ ተብሎ እንዲህ ተደርጎ ይሠራል። የአየር በሩ ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው። መውጣቱ ግን ከእግርህም ሊሆን ይችላል። ፍሪሲዮኑን የምትረግጠው ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ሳትለቅ ከሆነ ሞተሩ ሸክሙ ሲነሳለት ይፈተለካል። እግርህን ትንሽ ቀደም አድርገህ አንሳ። ካልተለወጠ ስሮትል ቦዲውን አስጠርግ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ መንጃ ፈቃድ ከምትማር፦ አሠልጣኜ ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን ረግጠሽ ውረጂ ይለኛል። «ፎሌ አይደለም፣ ማርሽ ውስጥ ነሽ» ይላል።

መልስ፦ ፍሪሲዮኑ እስከተረገጠ ድረስ ሞተሩና ጎማው ተለያይተዋል። ማርሽ ውስጥ መሆንሽ ትርጉም የለውም፣ ከፎሌ ጋር አንድ ነው። ሚኒሞው ከፍ ሲል የምታዪውም ለዚሁ ነው። በዚያ ላይ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ያለ ሥራ ይበላል። አሠልጣኝሽን አክብረሽ ስሚው፣ ቁልቁለት ላይ ግን እግርሽን ከፍሪሲዮን አንሺ። የሚረገጠው ማርሽ ለመቀየርና ልትቆሚ ስትደርሺ ብቻ ነው።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ አይሱዙ ነው፣ ናፍጣ። ቁልቁለት ላይ ፎሌ ሳደርግ ዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ቀን ደግሞ ነዳጅ ሳልነካ ለብቻው ወጣ፣ ሰማያዊ ጭስ አጨሰ።

መልስ፦ ሁለቱን ለያይቼ ልመልስ። ከፍ ዝቅ ማለቱ ብዙ ጊዜ አየር ነው። ከሰልባቲዮ (ከናፍጣ ታንከሩ) እስከ ፖምፓ ባለው መስመር አንድ ቦታ አየር ይስባል። የናፍጣ ፊልትሮውንና የቱቦ መገጣጠሚያዎቹን አስይ፣ አየሩን አስወጣ። ካልሆነ ዙሩን የሚቆጣጠረው የፖምፓው ገቨርነር ነው፣ እሱ የፖምፓ ባለሙያ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ያስፈራኛል። ለብቻው መውጣትና ሰማያዊ ጭስ አንድ ላይ ሲመጡ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ ነው። ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው የቱርቦው ማኅተም ሲያልቅ የሞተር ዘይት ወደ አየር ማስገቢያው ይገባል። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ዘይትን እንደ ነዳጅ ያቃጥላል። አንዴ ከተነሳ ቁልፍ ብታጠፋም ላይቆም ይችላል። መኪናውን ዛሬውኑ ጭነት አታስጭነው። ቱርቦውን አስፈታ።

መንገድ ላይ ቢደርስብህ ፎሌ አታድርግ፣ ፍሪሲዮንም ረግጠህ አትቆይ። ሸክም ያጣ ሞተር ዙሩ እየጨመረ ራሱን ይሰባብራል። ከፍ ያለ ማርሽ ውስጥ ሆነህ ፍሬኑን አንዴ አጥብቀህ ያዝ፣ እስኪቆምና ሞተሩ ታንቆ እስኪጠፋ አትልቀቅ። ሰዎቹን አውርድ። ኮፈን ከፍቶ አየር ማስገቢያውን በእጅ ለመድፈን የሚሞክር ሰው እጁን ያጣል።

ኤግዞስት ብሬክ (ጭሱን አፍኖ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርግ) ያላችሁ ደግሞ ይሄን ያዙ፦ ፎሌ ላይ ኤግዞስት ብሬክ ምንም አይሠራም። ማርሽ ውስጥ ካልሆናችሁ ማብሪያውን መጫኑ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፣ የባጃጅ ሹፌር፦ ስጠመዝዝ ዙሩ ለብቻው ይወጣል። ቀጥ ስል ይመለሳል።

መልስ፦ የነዳጁ ፊሎ (ገመድ) ነው። አጥሯል ወይም በመጥፎ በኩል ተሻግሯል፤ እጀታው ሲዞር ይወጠራል። ሞተሩ እየሠራ፣ ቆመህ፣ እጀታውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙር። ዙሩ መነካት የለበትም። ከተነካ መስመሩን አስተካክል። ርካሽ ሥራ ነው፣ ግን ሰው በሞላበት አደባባይ ላይ ሲወጣ አደጋ ነው።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ፦ ባትሪ ከቀየርኩ ጀምሮ ሚኒሞው ተዛብቷል።

መልስ፦ ባትሪ ሲነሳ ኮምፒውተሩ የተማረውን ይረሳል። ስሮትል ቦዲ ከተጠረገ በኋላም እንዲሁ ይሆናል። ቆሻሻው ተጠርጎ አየሩ በዝቷል፣ ኮምፒውተሩ ግን በድሮው ልክ ነው የሚከፍተው። አስነስተህ ነዳጅ ሳትነካ በደንብ እስኪሞቅ ተወው። ከዚያ ኤሲ አብራ፣ አጥፋ፣ መንገድ ላይ ንዳው። በአንድ ሁለት ቀን ካልተስተካከለ በስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ መመርመሪያ) ማስተማር የሚፈልግ መኪና ነው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ስካነር አስደርጌ ኮድ ሰጡኝ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

መልስ፦ ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚገናኙት ጥቂት ናቸው። ፒ0500 የፍጥነት ሴንሰር ነው። እሱ ሲበላሽ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሊሞት ይችላል፣ ልትቆም ስትል ሞተሩም ሊጠፋብህ ይችላል። ፒ0505 የሚኒሞ መቆጣጠሪያው ነው። ፒ0506 ሚኒሞው ከሚጠበቀው በታች፣ ፒ0507 ከሚጠበቀው በላይ ሆኗል ማለት ነው። ፒ0171 አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል ይላል፤ ፒ0507 አብሮት ከመጣ ቱቦ ፈልጉ። ፒ0128 ሞተሩ በቂ ሙቀት አልደረሰም ነው፣ ያ የቴርሞስታቱ ጉዳይ።

ኮድ የዕቃ ስም አይደለም። ፒ0507 ስላለ ሚኒሞ ቫልቭ ይገዛ ማለት አይደለም። ኮዱ የት እንደምትፈልጉ ይጠቁማችኋል። አስደምስሳችሁ፣ ነድታችሁ፣ መልሶ ሲመጣ እዩ።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፦ ጋራዥ ስገባ ምን ብዬ ልንገራቸው? «ሚኒሞ ይወጣል» ስላቸው ወዲያው መፍቻ ያነሳሉ።

መልስ፦ ይሄን ንገራቸው። ሞተሩ ሞቆ ነው ወይስ ሳይሞቅ? ፎሌ ላይ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ወይስ ማርሽ ውስጥ? ቆሞ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ስንት ዙር? ኤሲና መብራት ሲበራ ይለወጣል? ከመቼ ጀምሮ፣ ከዚያ በፊት ምን ተሠርቶ ነበር? የመጨረሻው በተለይ ይረዳል፤ ብዙው ችግር የሚጀምረው ከሌላ ጥገና በኋላ ነው።

የዙር መለኪያ ከሌለህ ድምፁን ስልክህ ላይ ቅዳ፣ ሲንከባለልና ሲቆም። ከዚያ መካኒኩን አሳፍረህ አብራችሁ ንዱ። ወጥቶ ሳይነዳ ቪቴ ማዞር ከጀመረ አስቁመው። ሲንከባለል ብቻ የሚታይን ነገር ቆሞ ማስተካከል አይቻልም፤ ሚኒሞውን በቪቴ ዝቅ ካደረገልህ ነገ ጠዋት በብርዱ ስታስነሳው ይጠፋብሃል።